የእናቴ በርበሬና ቃለ አጋኖ

እናቴ ጅቡቲ ላለችው እህቷ በርበሬ ስትልክ ፖስታ ቤት አትሄድም ነበር። በጨርቅ ቋጥራ፣ ላዩ ላይ ወረቀት ሰፍታ፣ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ትወስደዋለች። ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ፣ እሷ እየነገረችኝ። «ደወሌ ለጣቢያው ዘበኛ ይሰጥ። እሱ አሊ ሳቢህ ዳቦ ለምትሸጠው ሴትዮ። እሷ ለእህቴ።» ለእኛ አድራሻ ማለት ይሄ ነበር፤ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበት መንገድ።

ኋላ ኮምፒውተር ተምሬ ስለ ድሮው ኢሜይል ሳነብ ያቺ ወረቀት ትዝ አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠሩ ኮምፒውተሮች በስልክ እየተደዋወሉ ደብዳቤ ይቀባበሉ ነበር። ዘዴው ዩዩሲፒ ይባላል። መንገዱን ማወቅ ያለበት ላኪው ራሱ ነው። ከአሜሪካ እንግሊዝ አገር ላለ ሰው ሲጻፍ «ሴይስሞ!ኤምሲቫክስ!ዩኬሲ!» ተብሎ መጨረሻ ላይ የሰውየው ስም ይገባል። ሴይስሞ ቨርጂኒያ ያለ የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት ማዕከል ማሽን ነበር። ኤምሲቫክስ አምስተርዳም፣ ዩኬሲ ደግሞ ኬንት ዩኒቨርሲቲ። እያንዳንዷ ቃለ አጋኖ «ከዚያ ለእሱ ስጠው» ማለት ናት! ስልክ ማታ ስለሚረክስ ብዙዎቹ የሚደዋወሉት ሌሊት ነው። ደብዳቤው ቀናት ቢፈጅ አይገርምም።

ጃኔት የሚባለው የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር መረብ ደግሞ አድራሻ የሚጽፈው ከአገር ጀምሮ ነበር። እኛም ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር እንላለን፤ ለእኔ ትክክለኛው ይሄ ነው። ሌላው ዓለም ግን ከትንሹ ስለሚጀምር መሃል ላይ መገልበጥ ግድ ሆነ። በጃኔት አድራሻ መጨረሻ ላይ የሚመጣው የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሎች ምልክት «ሲኤስ» ነበር። ሲኤስ ደግሞ የቼኮዝሎቫኪያም የአገር ምልክት ነበር። ደብዳቤው የት ይሂድ?

እኛም አገር ኢሜይል የገባው በቅብብሎሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ውስጥ የነበረው ፓዲስ የሚባል የመረጃ ክፍል በፊዶኔት፣ በስልክ እየተደዋወሉ በሚቀባበሉ ኮምፒውተሮች መረብ፣ ይላላክ ነበር። ከሌላው ዓለም ጋር የሚያገናኘው ለንደን ያለው ግሪንኔት የሚባል የኢሜይል አገልግሎት ሰጪ ነበር። ኢንተርኔት ራሱ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሳልነግር አላልፍም።

አንድ ጊዜ የደወሌው ዘበኛ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። በርበሬው ከሦስት ሳምንት በኋላ ድሬ ተመለሰ። እናቴ ቋጠሮውን ፈትታ ዝም ብላ ያየችው ዛሬም አይረሳኝም። ማሽኖቹም ጋ እንዲሁ ነው፤ መሃል ያለው አንዱ ከጠፋ ደብዳቤው ይመለሳል፣ ወይም ጭራሽ ይቀራል። መላ የተገኘለት እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ኤምኤክስ በሚባል መዝገብ ነው። ለአንድ የአድራሻ ስም ደብዳቤ የሚቀበሉ ማሽኖች ከነቁጥራቸው ይመዘገባሉ። ትንሽ ቁጥር ያለው ይቀድማል፤ እሱ ካልተገኘ ቀጣዩ ይሞከራል። መንገዱን ማወቅ ለላኪው ቀረለት።

ባለፈው እሁድ ይሄን ለእናቴ ነገርኳት። ቡና እየቆላች ነበር።

«ታዲያ እኛም ከዘበኛው ሥር ሌላ ሰው መጻፍ ነበረብን» አለችኝ። ምጣዱን ወዝወዝ አድርጋ ትንሽ አሰበች። «ትኬት ቆራጩ ነበር እኮ።»