ካገገሙ በኋላም ያላበቃው መገለል

እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን በተዛመተው የኢቦላ ወረርሽኝ ከ28,000 በላይ ሰዎች መታመማቸው፣ ከ11,000 በላይ የሚሆኑትም መሞታቸው ተመዝግቧል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከሞት የተረፉት ዕጣ ነው። ከሕክምና ማዕከል የሚወጡት ከቫይረሱ ነጻ መሆናቸውን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸው ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ያንን ወረቀት ይዘው ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ አከራይ ቤት ነሳቸው፣ አሠሪ አሰናበታቸው፣ ነጋዴ የነበሩትም ገዢ አጡ። ልብሳቸውና ፍራሻቸው በሽታው እንዳይዛመት ተብሎ ተቃጥሎ ስለነበር፣ ብዙዎች ኑሮን እንደገና የጀመሩት ከባዶ ነው።

ይህን ስጽፍ የሚያንገበግበኝ፣ ከተገለሉት መካከል ሌላው ሰው ሊደፍረው የማይችለውን ሥራ የሠሩ መኖራቸው ነው። ከኢቦላ የዳነ ሰው በሽታውን የሚቋቋም አቅም ስለሚያዳብር፣ ወላጆቻቸው የታመሙባቸውንና ራሳቸውም በሽታው ይታይባቸው እንደሆነ ለማየት በ21 ቀን ክትትል ላይ የነበሩ ሕፃናትን አቅፈው እንዲያሳድሩ የተመለመሉት ካገገሙት መካከል ነበር።

ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ ነው አልልም። የታመመውን ለይቶ ማከም ግድ ነው፤ ቫይረሱ ከዳኑ ወንዶች በአንዳንዶቹ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ለወራት፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ ሊቆይ እንደሚችልም ታውቋል። ይሁንና ይህ በምርመራና በምስጢር በሚሰጥ ምክር የሚያዝ ጉዳይ እንጂ፣ እጅ ለመጨበጥ ወይም አብሮ ለመብላት እንቅፋት የሚሆን አይደለም።

ጉዳቱ ደግሞ በተገለለው ሰው ላይ ብቻ አይቆምም። ኢቦላ የያዘው ሰው ምልክት ሳያሳይ በሽታውን አያስተላልፍም፤ ሕመሙ እየጸና ሲሄድ ግን የማስተላለፍ አቅሙ ይጨምራል፤ ስለዚህ ትኩሳት እንደጀመረው ወደ ሕክምና መሄዱ ቤተሰቡን ከአደጋ ይጠብቃል። ጎረቤቱ ከሕክምና ሲመለስ የደረሰበትን ያየ ሰው ግን ትኩሳቱን ይደብቃል፣ የንክኪ ልየታ ባለሙያ ሲመጣም አብረውት የነበሩትን አይጠራም፤ በሽታውም በዚሁ ዝምታ ውስጥ ከቤት ወደ ቤት ይዛመታል።

ስለዚህ የታማሚው ስምና አድራሻ ከሕክምና ባለሙያዎች እጅ እንዳይወጣ፣ የተቃጠለው ንብረት እንዲተካ፣ ያገገመው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስም የጤና ባለሙያ አብሮት ሄዶ ለጎረቤቶቹ እያስረዳ በፊታቸው እንዲጨብጠው ማድረግ፣ የሕክምናው አካል ሆኖ በጀት ሊመደብለት ይገባል።