በሶው አልዋጥ ያለኝ ዕለት፦ የማናስሉን ዙሪያ ጉዞ እንዴት እንዳቀድኩት

ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገን ሰው ከፍታ ምን ያደርገዋል ብዬ አምን ነበር። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በጥቅምት ውርጭ ትምህርት ቤት ስንሄድ ሣሩ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሽ ነበር። በዚያ ላይ ያነበብኩት አንድ ነገር ልቤን አሳብጦት ነበር። ተመራማሪዎች በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው፣ ደማቸው የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚኖሩት ብዙም እንደማይለይ በ2002 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በማናስሉ መንገድ ሁሉም ተጓዥ የሚያርፍበት የሳማጋውን መንደርም 3,530 ሜትር አካባቢ ነው። ቁጥሩ ሲገጥምልኝ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ዘጠኝ ዓመት ዱባይ መኖሬን ግን ከሒሳቡ አስቀርቼው ነበር።

ማናስሉ በኔፓል የሚገኝ 8,163 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከዓለም ተራሮች ስምንተኛው ነው። ጫፉን መጀመሪያ የረገጡት በ1956 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ቶሺዮ ኢማኒሺና የሸርፓ ሕዝብ ተወላጁ ጊያልዘን ኖርቡ ናቸው። እኛ ጫፉን አልፈለግንም፤ ፍላጎታችን ተራራውን ዙሪያውን በእግር መዞር ነበር። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በታች ካለው የቡዲ ጋንዳኪ ወንዝ ሸለቆ ይነሳል፤ እየጠበበና እየቀዘቀዘ ወጥቶ 5,106 ሜትር ላይ ላርኪያ ላ የሚባለውን ማለፊያ ይሻገርና በማዶው በኩል ይወርዳል። «ላ» በቲቤት ቋንቋ፣ እኛ ጣርማ በር ስንል «በር» እንደምንለው ያለ ነው። ይህኛው በር ግን ከራስ ዳሽን ጫፍ ከ500 ሜትር በላይ ይበልጣል።

ጓደኛዬ የኤቨረስትን መንገድ ነበር የመረጠው። እኔ ሰው በሰው ላይ የሚረግጥበት መንገድ አልፈልግም ብዬ ወደ ማናስሉ ሳብኩት። ይህ ምርጫ ምን ያህል ወረቀት እንደሚያስከትል አላወቅሁም ነበር። አካባቢው ለውጭ አገር ተጓዦች የተከፈተው በ1991 እ.ኤ.አ. ሲሆን እስካሁንም የተከለለ ነው። ያለ መሪ አይገባም፤ እኛ ባመለከትንበት ጊዜ ፈቃዱ የሚሰጠው ቢያንስ ለሁለት ተጓዦች፣ ያውም በተመዘገበ የጉዞ ድርጅት በኩል ብቻ ነበር። በፈረንጆቹ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ባለው ወቅት ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት 100 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቀን 15 ዶላር ይከፈላል። መንገዱ የሚያልፍባቸው የማናስሉና የአናፑርና ጥብቅ ቦታዎች መግቢያ ደግሞ ለየብቻው 3,000 የኔፓል ሩፒ ነው።

ፓስፖርትን በሚመለከት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኔፓል ለአብዛኛው ዓለም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቪዛ ትሰጣለች። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ይህ ከማይመለከታቸው ጥቂት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ነው፤ አስቀድሞ ከኤምባሲ ማግኘት ግድ ነው። ይህን ያወቅሁት የአውሮፕላን ትኬት ከገዛሁ በኋላ ነበር። አቡ ዳቢ ወደሚገኘው የኔፓል ኤምባሲ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ፍራንክፈርት የሚኖረውና የጀርመን ፓስፖርት የያዘው ጓደኛዬ ካትማንዱ ወርዶ፣ 50 ዶላር ከፍሎ፣ ሻንጣው ሳይመጣ ጨርሶ ጠበቀኝ። ስለዚህ ትኬት ከቪዛ በኋላ ይገዛል።

አሁን ወደ ዋናው ስህተቴ ልምጣ። ከመሥሪያ ቤት ያገኘሁት ፈቃድ አሥራ ስድስት ቀን ነበር። ኮምፒውተሬ ላይ ሠንጠረዥ ሠርቼ በየቀኑ የምንሄደውን ኪሎ ሜትር አከፋፈልኩ፤ በቀን አሥራ አምስት፣ አንዳንዴ ሃያ። መንገዱን በዘጠኝ ቀን ጨርሼ ለካትማንዱ ጉብኝት ቀን ተረፈኝ። ሠንጠረዡን ለመሪያችን ላክሁላቸው። በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ የጎርካ አውራጃ ሰው ናቸው፤ እዚያ «ዳይ» ብለው ይጠሯቸዋል፣ እንደ እኛ «ጋሼ» ማለት ነው። ደወሉልኝና በትሕትና እንዲህ አሉኝ፦ «ኪሎ ሜትሩን አጥፋው። በምትኩ በየሌሊቱ የምትተኛበትን ከፍታ ጻፍ።»

ጻፍኩት፤ ሠንጠረዡም በዓይኔ ፊት ፈረሰ። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት ወይም አራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር የከፍታ ሐኪሞች ይመክራሉ። ሰውነት የሚለምደው ተኝቶ እንጂ ተራምዶ አይደለም። በእኔ ዕቅድ ከናምሩንግ፣ ማለትም ከ2,630 ሜትር፣ በአንድ ቀን ሳማጋውን እንገባ ነበር፤ 900 ሜትር በአንድ ሌሊት። ዳይ መሃሉ ላይ ሎን አስገቡ፤ 3,180 ሜትር ላይ ያለ መንደር ነው። ሳማጋውን ሁለት ሌሊት፣ ሳምዶ (3,870 አካባቢ) ሁለት ሌሊት፣ ከዚያ ዳራምሳላ (4,460) አንድ ሌሊት፣ በማግስቱ ማለፊያው። ሳምዶ ላይ ያለችውን ሁለተኛ ሌሊት አየሁና «ይህቺ ለምንድን ናት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ለምን እንደሆነች እዚያ ስትደርስ ታውቃለህ» አሉኝ።

ካትማንዱን መጎብኘት ቀረ። ፈቃዱን ለአሥር ቀን ገዛን፤ ለእያንዳንዳችን 145 ዶላር።

የጊዜ ምርጫውም የራሱ ጣጣ ነበረው። ከጥቅምት እስከ ኅዳር አጋማሽ ሰማዩ የጠራ ነው፤ ክረምታቸው እንደ እኛው በመስከረም ይወጣል። ነገር ግን ደሴይን የሚባለው ታላቁ በዓላቸው በዚሁ ሰሞን ይውላል፤ መኪናው ይሞላል፣ ጭነት ተሸካሚውም ወደ ቤቱ ይሄዳል። በ2017 ዓ.ም. ዋናው ቀን ጥቅምት 2 ነበርና ጉዟችንን ከዚያ በኋላ አደረግነው። ይህን በማስተዋሌ ራሴን አመሰገንኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቲሃር የሚባል ሌላ በዓል እንዳለ ግን ጨርሶ አላየሁም፤ እመለስበታለሁ።

በመስከረም 16 እና 18 መካከል የወረደው ዝናብ ኔፓል ውስጥ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ከካትማንዱ የሚወጣውም አውራ ጎዳና በናዳ ተዘጋ። ለሁለት ሳምንት ያህል ጉዞው ይኑር አይኑር ሳላውቅ ነበር የማሸገው። የኢንሹራንስ ውሌን ደግሜ ያነበብኩት በዚያ ጭንቀት ውስጥ ነው፤ ሄሊኮፕተርን የሚሸፍነው እስከ 4,000 ሜትር ብቻ መሆኑን በደቃቅ ፊደል ጽፈውታል። እኔ የምሄደው 5,106! ሰርዤ እስከ 6,000 ሜትር የሚሸፍን ገዛሁ።

ስለ ልምምድ ብዙ የምለው የለኝም። ዱባይ ሜዳ ናት፤ በአካባቢው አለ የሚባለው የራስ አል ኸይማው ጀበል ጃይስ ተራራ እንኳን 2,000 ሜትር አይሞላም። አሥር ኪሎ ተሸክሜ የምኖርበትን ሕንፃ ደረጃ ለሦስት ወር ወጣሁ፣ ወረድኩ። ለጉልበት ጠቅሞኛል፤ ለከፍታ ምንም። አሁን ብሆን የመጀመሪያውን ሳምንት እናቴ ቤት ደብረ ብርሃን ተኝቼ ነበር ወደ ካትማንዱ የምበረው፤ የእሷንም ምርቃት አገኝ ነበር።

ከዕቃ ውስጥ ሦስት ነገር ብቻ ላንሳ። ጫማ ላይ የሚታሰረው የብረት ጥርስ፣ በማለፊያው ማዶ ባለው ቁልቁለት በረዶ ላይ አድኖናል። ባንክ ከተራራው በታች ስለሚቀር ገንዘቡ ሁሉ በጥሬው ሩፒ መያዝ አለበት። ሦስተኛው ዕቃ የእኛ አልነበረም፦ ከመነሳታችን በፊት ዳይ የጭነት ተሸካሚያችንን ሻንጣ አስፈትተው ጃኬቱንና ጫማውን አዩ፤ ጫማው ስስ ነበርና ገዛንለት። እኔ ብቻዬን ብሆን አልጠይቅም ነበር፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ጥቅምት 13 ከማቻ ኮላ ተነስተን መራመድ ጀመርን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙቀት፣ ፏፏቴ፣ በገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ፣ ደወል ያሰሩ በቅሎዎች ነበሩ። በቅሎ ሲመጣ በተራራው በኩል ቁሙ፤ በገደሉ በኩል የቆመን ሰው ጭነቱ ገፍቶ ይጥለዋል። ከናምሩንግ በላይ ቋንቋውም ቤቱም የቲቤት ይሆናል። ጸሎት የተቀረጸባቸው የድንጋይ ካቦች መንገዱ መሃል ይቆማሉ፤ በስተቀኝ እያደረጉ ነው የሚያልፏቸው። ዳይ ከኋላ «ቢስታሬ፣ ቢስታሬ» ይላሉ፤ ቀስ በል ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ እንደሚሄድ ልተርትላቸው ብዬ ትርጉሙ አቃተኝ።

ሳማጋውን በዕረፍታችን ቀን ጥፋቴን ሠራሁ። የማናስሉን ጫፍ የሚወጡ ሰዎች ወደሚሰፍሩበት ቦታ፣ ወደ 4,800 ሜትር፣ ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ ወጥቶ ታች መተኛት ለመላመድ ይረዳል ይባላል። ግን ቀስ ተብሎ ነው። እኔ ከአንድ ወጣት ቡድን ጋር እልህ ተጋባሁና እየተሽቀዳደምኩ ወጣሁ። ቀድሜያቸው ደረስኩ። ጓደኛዬ ሐኪሙ እንዳዘዘለት ጠዋትና ማታ 125 ሚሊግራም አሴታዞላማይድ የተባለውን የከፍታ ሕመም መከላከያ ይወስድ ነበር፤ ጣቶቹን እየነዘረው ሌሊት ሁለት ሦስቴ ለሽንት ሲነሳ እስቅበት ነበር። እኔ መድኃኒቱን ይዤው ሻንጣ ውስጥ አኑሬዋለሁ። የስሜን ደም አለኝ እኮ!

በማግስቱ ሳምዶ ስንገባ ግንባሬን ከውስጥ የሚመታ ነገር ነበር። ፀሐይ ነው አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ማታ ምድጃው ዙሪያ ተቀመጥን። የቤቱ ባለቤት፣ «ዲዲ» (እንደ እኛ «እትዬ») የምንላት፣ ከእንጨት ዕቃ ውስጥ ዱቄት አውጥታ በቅቤና በጨው በተፈላ ሻይ ማሸት ጀመረች። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ደነገጥኩ፤ የተቆላ ገብስ ነው። «ጻምፓ» ይሉታል፤ በሶ ነው! ከሻንጣዬ ሥር እናቴ የላከችልኝን በሶ አወጣሁ። ዲዲ በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰች፣ እንደገና ቆነጠረች፣ ለባሏ ጮኻ ነገረችው፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። በእሷ ቅቤ የእኔን በሶ እንደ ጭብጦ ጠቅልላ በእጄ ሰጠችኝ። ሁሉም እያዩኝ ጎረስኩ።

አልዋጥ አለኝ። በሕይወቴ በሶ አልዋጥ ብሎኝ አያውቅም። አፌ ውስጥ ይዤው ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ወጥቼ አጥር ሥር ተፋሁት። ስመለስ ዳይ ቀድሞውኑ አውቀዋል።

«ራስህን ያምሃል?»

«ትንሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋት።»

አልተቆጡም። ራስ ምታት ላይ የምግብ ጥላቻ ሲጨመር የከፍታ ሕመም መሆኑን፣ ሕመም ይዞ ወደ ላይ እንደማይተኛ፣ ነገ ማታም ካልተሻለኝ ወደ ሳማጋውን እንደምንወርድ ነገሩኝ። ከዚያ «ለምንድን ናት ያልካት ቀን ነገ ናት» አሉኝ። መድኃኒቱን ያን ማታ ጀመርኩ። በማግስቱ ከቤቱ ደጃፍ አልራቅሁም፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ውሃ ስጠጣ፣ በረዶው ላይ የያክ መንጋ ሲያልፍ ሳይ ዋልኩ። ወደ ማታ ሆዴ ጮኸ። ምስሩን በሩዝ ሁለቴ አስጨምሬ በላሁ፤ ዲዲ በሶዬን እያሳየች ሳቀችብኝ። ያቺ ቀን በዕቅዱ ባትኖር ወይ እያመመኝ እወጣ ነበር፣ ወይ ጉዞው እዚያ ያበቃ ነበር።

ከዳራምሳላ የተነሳነው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው፤ ረፈድ ሲል ማለፊያው ላይ ነፋሱ ይበረታል። የውሃ ጠርሙስን ገልብጦ መያዝ ደግ ነው፤ በረዶው ከላይ ስለሚጀምር አፉ አይዘጋም። የጓደኛዬ የመጠጫ ቱቦ ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደርቆ ቀረ። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ አሥር እርምጃ፣ ቁም፣ አሥር እርምጃ፣ ቁም። ላርኪያ ላ ላይ የጸሎት ባንዲራዎቹ እየተርገበገቡ አሥር ደቂቃ ቆየን። ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይከፋል፤ ጉልበቴ ማዶ እስካለው የማደሪያችን መንደር እስከ ቢምታንግ ድረስ ተንቀጠቀጠ።

ጥቅምት 23 ከሰዓት የእግር መንገዳችን የሚያበቃበት ዳራፓኒ ደረስን። ኬላው ላይ ወረቀታችንን አዩ፤ በእነሱ አቆጣጠር ዓመቱ 2081 ነው። የፈቃዳችን አሥረኛና የመጨረሻ ቀን ነበር። ምሳ እንብላ ስል ዳይ ቦርሳቸውን አንስተው ቆመዋል። ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ፦ ነገ የቲሃር መዝጊያ ነው፤ እህት የወንድሟን ግንባር በሰባት ቀለም የምትቀባበት ቀን። እህታቸው ጎርካ ትጠብቃቸዋለች፤ ሊወርድ ያለው ጂፕ አንድ ብቻ ነው። ሳምዶ ያደርንባት ትርፍ ቀን ባትኖር ኖሮ ትናንት ቤታቸው ይገቡ ነበር። ያቺን ቀን በሠንጠረዡ ያስገቧት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ብነግርህ ኖሮ ራስ ምታቱን ትደብቀኝ ነበር» ብለው ጂፑ ላይ ወጡ።

በማግስቱ ማታ ስልኬ ላይ ፎቶ ገባ፦ ግንባራቸው ላይ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ሰባት ቀለሞች፣ አንገታቸው ላይ የአበባ ጉንጉን።