ባንኮኒው ይፍረስ ባይ ነኝ

ዛሬም ስንከራከር ዋልን። ጉዳዩ ያው የእንግዳ መቀበያው ባንኮኒ ነው። ለአእምሮ ጤና የቀን ማዕከል የምናዘጋጀው ሕንፃ ድሮ ቢሮ ነበር፤ ባንኮኒው ከነመስታወቱ ቆሟል። "ደህና ዕቃ ለምን ይፈርሳል?" ይላሉ ባልደረቦቼ። እኔ ግን ይፍረስ ባይ ነኝ።

የቀን ማዕከል እንደ ሆስፒታል አያስተኛም። ሰው ጠዋት በእግሩ መጥቶ ማታ ቤቱ ይገባል። ካልፈለገ ደግሞ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ የሚወስነው በሩ ላይ ቆሞ ነው። መስታወት ጀርባ ሆኖ "ስም?" የሚለው ሰው ካጋጠመው ዞሮ ቢሄድ አልፈርድበትም። በጎን በኩል ትንሽ ጠረጴዛ ትበቃለች፤ ተቀባዩም ተነስቶ ሰላም ይበል።

በሩ መስታወት ይሁን የሚለው ላይ ተስማምተናል። የሚገባው ሰው ወዴት እንደሚገባ አስቀድሞ ይይ። ውስጥ የተቀመጡት ግን ከመንገድ መታየት የለባቸውም። ስለዚህ ከበሩ ፊት ለፊት የሚታየው መተላለፊያው ብቻ ይሆናል፤ መቀመጫዎቹ ወደ ጎን ይታጠፋሉ።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል። ለቅሶ ቤት እንኳ እንደዚህ ዝም አያሰኝም! በ1950ዎቹ ሮበርት ሶመር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ካናዳ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን ሕሙማን ክፍል እንዲሁ የተደረደሩ ወንበሮችን በትንንሽ ጠረጴዛዎች ዙሪያ አስቀመጠ። በሰዎቹ መካከል የነበረው ጭውውት በግልጽ ጨመረ። እኛም ይህንኑ እናደርጋለን፤ ብቻውን መሆን ለሚፈልግ ደግሞ መስኮት ዳር ጥቂት ወንበሮች እንተዋለን። ሰው መሃል መሆንና ማውራት ለየቅል ናቸው።

ስለ ግድግዳ ቀለም ሁሉም አስተያየት አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ድምፅ ነው። ባዶ ኮንክሪት ያስተጋባል፤ ለተጨነቀ ሰው የወንበር መጎተት እንኳ ይከብዳል። ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ብዙ ያግዛሉ። የምክር ክፍሎቹ በሮች ሥር ያለው ክፍተትም ይደፈን፤ ወሬ የሚያመልጠው በዚያ ነው። የሚጮኹትና የሚርገበገቡት አሮጌ ፍሎረሰንቶችም ይነሱ።

ማዕከሉን ከሚጠቀሙት አንዷ ግን ማናችንም ያላነሳነውን ጠየቀች፦ "ሽንት ቤት ለመሄድ ቁልፍ ልለምን ነው?" አይሆንም። ከውስጥ ይቆለፋል፤ አደጋ ከተፈጠረ ሠራተኛው ከውጭ ይከፍተዋል። በሩም ወደ ውጭ እንዲከፈት እናደርጋለን፤ ሰው ውስጥ ቢወድቅ እንዳይዘጋው። የባንኮኒው ነገር ለነገ ተቀጥሯል።