አረንጓዴዋ ነጥብ

ዛሬ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ሰው ፊት አሳፈረችኝ።

ጠዋት "መልእክት እየደረሰን አይደለም" የሚል አቤቱታ መጣ። ወረፋ የያዙ መልእክቶችን የሚልከው ፕሮግራም የእኔ ኃላፊነት ነው። ሰርቨሩ ውስጥ ገባሁና የአገልግሎቱን ሁኔታ የሚያሳየውን ትዕዛዝ፣ ሲስተምሲቲኤል ስታተስ አልኩ። አረንጓዴ ነጥብ፣ ከታች ደግሞ "አክቲቭ" (ተነስቷል)። ስክሪንሾት አንስቼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። "በእኛ በኩል ሰላም ነው፣ ኔትወርካችሁን እዩ።" ትንሽ ቆጣም ብያለሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። "ከአክቲቭ ቀጥሎ ያለውን ቃል አንብበኸዋል?"

አላነበብኩትም። "ራኒንግ" (እየሠራ ነው) ሳይሆን "ኤግዚትድ" (ጨርሶ ወጥቷል) ይላል። የዋናውን ፕሮሰስ (እየሠራ ያለውን ፕሮግራም) መለያ ቁጥር የሚያሳየው ሜን ፒአይዲ የሚለው መስመርም ጭራሽ የለም። እየሠሩ ያሉትን በሚዘረዝረው ትዕዛዝ፣ ፒኤስ ብዬ ፕሮሰሱን ፈለግኩ፤ ወፍ የለም። የከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ሎግ ስከፍት ሌሊቱን በሴግፎልት፣ ማለትም በማስታወሻ አጠቃቀም ስህተት ሞቷል። ተደናግጬ ስታርት አልኩት። ያለ ምንም ስህተት ተመለሰ። ደገምኩት፤ አሁንም ዝም። አገልግሎቶችን የሚያስነሳውና የሚቆጣጠረው ሲስተምዲ እንደሆነ ቀድሞውንም ተነስቷል ብሎ ስለሚያምን የሚያስነሳው ነገር የለውም። ሪስታርት ስለው ነው ነፍስ የዘራው።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ምክንያቱን ፈለግኩ። ፕሮግራሙ የሚነሳው ከሲስተምዲ በፊት አገልግሎቶችን ለማስነሳት በሚያገለግለው በድሮ የኢኒት ስክሪፕት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የመጣው ሲስተምዲ፣ ቢያንስ እኛ ሰርቨር ላይ ያለው፣ ለእንዲህ ዓይነቶቹ ስክሪፕቶች ራሱ የዩኒት ፋይል (አገልግሎቱ እንዴት እንደሚነሳ የሚነግረውን ፋይል) ያዘጋጅላቸዋል። ስክሪፕቱ የፒአይዲ ፋይሉ (የፕሮሰሱ ቁጥር የሚጻፍበት) የት እንዳለ ካልነገረው፣ ሪሜይን አፍተር ኤግዚት (ከወጣም በኋላ እንደተነሳ ይቆጠር) የሚለውን "የስ" ያደርገዋል። ስክሪፕቱ በዜሮ፣ ማለትም ያለ ስህተት ከጨረሰ፣ ከኋላው የቀረ ፕሮሰስ ኖረም አልኖረም አገልግሎቱ እንደተነሳ ይቆጠራል። የፋየርዎል ሕግ ጭኖ ለሚወጣ ስክሪፕት ይህ ልክ ነው። ቀኑን ሙሉ መሥራት ላለበት ፕሮግራም ግን ሬሳውን አስቀምጦ "ደህና ነው" እንደማለት ነው።

ድሮ ይሻል ነበር ለማለት አይደለም። ያኔ ስክሪፕቱ ከፒአይዲ ፋይሉ ላይ ቁጥር ያነብና ይህ ቁጥር ያለው ፕሮሰስ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። መብራት ጠፍቶ ፋይሉ ዲስክ ላይ ከቀረ፣ ማሽኑ ሲነሳ ያንኑ ቁጥር ሌላ ፕሮሰስ ሊወስደው ይችላል። ስታተሱም በማያውቀው ሰው ስም "አለሁ" ይላል። ዛሬ እነዚህ ፋይሎች ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው ራን ማውጫ ውስጥ የሚቀመጡት አንዱ ለዚህ ነው።

ስክሪፕቱ አናት ላይ የፒአይዲ ፋይሉን አድራሻ በአንድ መስመር ብጽፍ ይበቃ ነበር። እልህ ያዘኝና የራሱን ዩኒት ፋይል ጻፍኩለት። ታይፕ ሲምፕል (ፕሮሰሱን ራሱ ሲስተምዲ ይከታተለው)፣ ሪስታርት ኦን ፌይለር (በብልሽት ከወደቀ መልሶ ያስነሳው)። ከዚያ ራሴው በግድ በሚያስቆመው ትዕዛዝ፣ በኪል ማይነስ 9 ገደልኩት። ስታተስ ስል በአዲስ ቁጥር ተነስቶ "ራኒንግ" ይላል። ሁለት ሦስቴ ደጋግሜ ገደልኩት፤ አላመንኩትም።

ግሩፑ ላይ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ስክሪንሾቱን ላጠፋው ስል ግን አንዱ ቀድሞ በሳቅ ኢሞጂ መልሶበታል።