ነጠላ ጫማዬ ሲንሳፈፍ

ጣና ላይ የጀልባ ረዳት ሆኜ የጀመርኩ ሰሞን፣ ዋና እስከቻልኩ ድረስ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው ብዬ ነበር። የቆመ ጀልባ ሥራ እንዳለው ማንም አልነገረኝም።

ክረምት ነው። ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል የሚሄድ እንግዳ በሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው። የጀልባው ባለቤት «እዚያው እያደርክ ጠብቅልኝ» አለኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም። የቤት ኪራይ ቀረልኝ፣ ያውም ባሕር ዳር ሐይቁ ላይ! ለዚህ ስንት የሚከፍል አለ።

ኑሮዬ አግዳሚዋ ላይ ነበር። አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ጄሪካን፣ ዳቦ በፌስታል። ጠዋት በጊዮርጊስ ደወል እነቃለሁ። በዚያ ሰዓት ሐይቁ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል፤ ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት ነው። ከዘጌ እንጨት የጫኑት የደንገል ታንኳዎች ይህን ስለሚያውቁ በጠዋት ይደርሳሉ። የከሰል ምድጃዬን ይዤ መሬት እወርዳለሁ፣ ናፍጣ ባለበት እሳት አይነድም። ከዚያ ገመዶቹን አያለሁ። ክረምቱን ጣና እየሞላ ስለሚሄድ በሰኔ የታሰረ ገመድ በነሐሴ ያጥራል፤ ካላላሉት ጀልባውን ወደ ታች ይዞ ያስቀረዋል። ይህን ካፒቴኑ በመጀመሪያው ቀን አሳይቶኛል። ጋሼ ነበር የምንለው፣ ንግግር የማይወድ ሰው።

ሁለተኛው ያሳየኝ ፓምፑን ነው። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ የጀልባውን ሆድ በስቶ ነው የሚወጣው። ቀዳዳው ቅባት በጠጣ ገመድ ይታሸጋል። ማሸጊያው ግን ጠብ ጠብ ማለቱ አይቀርም፤ ዘንጉ ሲዞር የሚያቀዘቅዘውም ያው ውሃ ነው። ከወለሉ ሥር ውሃ ሲጠራቀም አንዲት ተንሳፋፊ ብድግ ትልና ፓምፑን ታስነሳለች። «ባትሪው ካለ እሱ አይተኛም» አለኝ ጋሼ።

ባትሪው ካለ። ይቺን ቃል አልሰማኋትም።

አንድ ሳምንት ሰፈሩን መብራት ጠፋበት። ዳር ላይ ሻይ የምትሸጠው እህታችን መጀመሪያ መጣች። «እስቲ ይቺን ስልክ ሰካልኝ ወንድሜ።» ከጀልባው ባትሪ ሰካሁላት። ከዚያ የባጃጅ ሾፌሩ፣ ከዚያ ዓሣ ሻጮቹ። በሁለተኛው ቀን የመኪና ቻርጀሮች ገዝቼ ለአንድ ስልክ 5 ብር ማስከፈል ጀመርኩ። ቢዝነስ ገባኝ! ስልኮቹን ከነፌስታላቸው ጣራው ላይ አንጠለጥላለሁ፤ እንደ ሙዝ ተደርድረው። በሦስተኛው ቀን ማታ አምፖሌ እንደ ኩራዝ ቀልታ ነበር። አይቻታለሁ። ነገ ሞተሩን አስነስቼ ባትሪውን አስሞላለሁ ብዬ ተኛሁ።

ሌሊቱን ዘነበ። የጣና ዝናብ ጣራ ላይ ሲወርድ እንቅልፍ ያመጣል። ወደ 9 ሰዓት ገደማ ሽንቴ መጣና እግሬን ስዘረጋ ውሃ ውስጥ ገባ። እስከ ቁርጭምጭሚት። የባትሪ መብራቴን ሳበራ ነጠላ ጫማዬ በጎኔ ሲንሳፈፍ አየሁት፣ ዳቦው ከኋላው ይከተለዋል። ሮጬ የፓምፑን ማብሪያ ተጫንኩ። አንዴ «ግር» አለና ዝም።

ጮኼ የጎረቤቱን ጀልባ ዘበኛ ቀሰቀስኩ። ጄሪካኔን በቢላ ለሁለት ሰንጥቀን እስኪነጋ ቀዳን። ወገቤ እኔ ጋ አልነበረም። የሚያናድደው፣ የሰው ስልክ ሁሉ ጣራው ላይ ደረቅ ነው፤ የጠጣው ጀልባው ብቻ።

ጋሼ 12 ሰዓት ላይ ደረሰ። የወለሉን ጣውላ ከፈተ፣ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ዝም ማለቱ ስላስፈራኝ ቀደምኩት።

«ጋሼ፣ ማሸጊያው ነው። ያንጠባጥብ ነበር።»

«በሴኮንድ አንድ ጠብታ ቢጥል በቀን ወደ 4 ሊትር ነው» አለኝ። «ጄሪካን አይሞላም። ፊት ለፊቱ ጣራ የሌለው ስንት ካሬ ነው?»

«8 ይሆናል።»

«አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ አንድ ሊትር ነው። ሌሊቱን 50 ሚሊሜትር ወርዶ ከሆነ 400 ሊትር። ሃያ ጄሪካን። ፓምፑ ይህን ሳይጨነቅ ይጨርሰው ነበር። ባትሪውን ምን በላው?»

መልስ ሳፈላልግ ሻይ ሻጯ ከዳር ሆና ተጣራች። «ወንድሜ፣ ስልኬ ሞላ?»

ጋሼ ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ፌስታሎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። 11 ነበሩ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የሞተሩ ማስነሻ ውሃ ገብቶበት ነበርና የማሠሪያው ግማሽ ከደሞዜ ተቆረጠ። የሰበሰብኳት ብር የሜካኒኩን ሻይ እንኳ አልቻለችም። ባለቤቱ ሁለተኛ ባትሪ ገዛ። ጋሼ አንዱን ለፓምፑ ብቻ አስሮ ሳጥን አለበሰውና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ያኔ እኔን ያላመነበትን ቁልፍ ዛሬ እኔም ለረዳቶቼ አልሰጥም።

አሁን እኔም ካፒቴን ነኝ። ጀልባ ላይ ሳድር አንድ እጄን ከአግዳሚው ወደ ወለሉ ለቅቄ ነው የምተኛው። ቤትም እንደዚያው ነው። ሚስቴ ትስቃለች።