ለእንሽላሊታችን ቤት ስሠራ የተማርኩት

ልጄ የምታሳድገው እንሽላሊት አገሩ አውስትራሊያ የሆነው፣ ከአገጩ ሥር ባለው እሾሃማ ቆዳ የተነሣ «ቢርድድ ድራገን» የሚባለው ዝርያ ነው። ወደ ቤታችን ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ሲመጣ ከመዳፌ ብዙም ስለማይበልጥ ትንሽ የዓሣ ማርቢያ መስታወት በቅቶት ነበር። ሲያድግ ግን እስከ ጅራቱ ጫፍ ግማሽ ሜትር ያህል ስለሚሆን ቢያንስ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ስፋትና 60 ከፍታ ያለው ቤት ያስፈልገዋል፤ ይህንንም በእጄ ልሠራለት ወሰንኩ።

እንጨቱ ብዙ አላስቸገረኝም። የ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ በልኬ አስቆርጬ በብሎን አያያዝኩ፤ ከፊት ለፊት ሁለት ተንሸራታች መስታወቶች ገጠምኩ፤ መጋጠሚያዎቹን በሲሊኮን ደፍኜ ውስጡን በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ቀባሁ፤ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋም አንድ ሳምንት ክፍት አድርጌ አቆየሁት። የአየር ማስገቢያውን በቀዝቃዛው ጎን ዝቅ አድርጌ፣ ማስወጫውን ደግሞ በሞቃቱ ጎን ከፍ አድርጌ ቀደድኩ፤ ምክንያቱም የሞቀ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ንጹሑን ከታች ይስባል። የኤሌክትሪኩን ሥራ ለባለሙያ ተውኩት።

ከባዱ ስህተቴ በጣሪያው ላይ ነበር። የአልትራቫዮሌት መብራቱ እንዳይቆሽሽ ብዬ ከውጭ፣ በመስታወት ክዳን ላይ አስቀመጥኩት። ተራ መስታወት ግን እንስሳው የሚፈልገውን የአልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያስቀራል። ጨረሩን ያላገኘ እንሽላሊት በቆዳው ቫይታሚን ዲ3 መሥራት ስለማይችል የበላው ካልሲየም ወደ አጥንቱ አይደርስም፤ ውሎ አድሮም መንጋጋውና እግሩ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል። ለምርመራ የወሰድንበት የእንስሳት ሐኪም መብራቱ የት እንደተቀመጠ ሲጠይቀኝ ነው የገባኝ፤ ጉዳት ሳይደርስበት በመታወቁ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። በዚያው ምሽት መብራቱን ወደ ውስጥ አስገብቼ፣ ከሚሞቅበት ድንጋይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ብርሃኑ ለዓይን እንዳለ ቢሆንም ጨረሩ እየደከመ ስለሚሄድ በየዓመቱ እቀይረዋለሁ።

ሙቀቱንም የለካሁት ዘግይቼ ነው። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ቴርሞሜትር 32 ዲግሪ ሲያሳይ፣ እንሽላሊቱ አፉን ከፍቶ ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ይሸሽ ነበር። በጨረር በሚለካ መሣሪያ ድንጋዩን ራሱን ስለካው 51 ዲግሪ ሆኖ አገኘሁት። የ100 ዋቱን የማሞቂያ አምፖል በ75 ዋት ለውጬ፣ ሙቀቱን በልኩ በሚይዝ መሣሪያ (በቴርሞስታት) ተቆጣጥሬ፣ ድንጋዩን ወደ 40፣ ቀዝቃዛውን ጎን ወደ 25 ዲግሪ አወረድኩ። ቤቱን ባዶውን ሦስት ቀን አብርቼ፣ ጠዋትና ማታ ለክቼ ቢሆን ኖሮ ያ እንስሳ አንድም ቀን ባልተጨነቀ ነበር። አምፖሉንም እንዳይነካው በሽቦ ወንፊት ከልዬዋለሁ።

አሁን ጠዋት መብራቱ ሲበራ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ሰውነቱን ጠፍጣፋ ያደርጋል፤ ሙቀት ለመሳብ የጠቆረው ጀርባውም ሲሞቀው ቀስ በቀስ ወደ አሸዋ ቀለም ይመለሳል። ልጄ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ድንጋዩን ለክታ በደብተሯ ትጽፋለች። የቀረኝ ሥራ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ለምግብ የምንሰጠው ፌንጣ በዚያ እየሾለከ ስለሚወጣ በቀጭን ግልጽ ፕላስቲክ ልዘጋው ለክቼ ጨርሻለሁ።