እትዬና ጸጉራሙ ድንጋይ

ጣና አፍንጫዬ ሥር ተኝቶ እኔ ሳሎኔ ውስጥ ለመስታወት የዓሣ ገንዳዬ የባሕር ውኃ እሠራለሁ። ለአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ። ጎረቤቶቼ «ዓሣው መቼ ነው የሚጠበሰው?» እያሉ ጠይቀው ጠይቀው ሰልችቷቸዋል። ዓሣው ግን አጃቢ ነው። የቤቱ ጌታ ኮራሉ ነው።

ጡጫ የሚያህል አረንጓዴ ድንጋይ ይመስላል። እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ትንንሽ አፎች ተጎራብተው፣ ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ እየገነቡ የሚኖሩበት ሰፈር በሉት። ሻጩ «ፋቪያ የሚባለው የኮራል ዓይነት ነው» ብሎኛል፤ እኔ ደግሞ ፋቪቴስ ሳይሆን አይቀርም ባይ ነኝ። በፋቪያ እያንዳንዱ ፖሊፕ የራሱ ግድግዳ አለው፤ በጎረቤታሞቹ መሀል ቦይ ይታያል። በፋቪቴስ ግን እንደ ማር ሰፈፍ አንዱን ግድግዳ ሁለት ይጋሩታል። ችግሩ ቀን ቀን ሥጋው ያብጥና ሁሉንም ይሸፍነዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ምግብ ፍለጋ ክንዶቹን ይዘረጋል።

እትዬ ለሕክምና ከቢቸና መጥተው እኔ ዘንድ አርፈዋል። ሌሊት ቤቱ ጭር ሲል የእጅ ባትሪዬ ላይ ቀይ ላስቲክ አሰርኩ። ቀይ ብርሃን ፖሊፖቹን ብዙም አያውካቸውም። መስታወቱ ፊት ተንበረከክሁ። ክንዶቹ ወጥተዋል! ጫፋቸው ነጣ ያለ፣ ቀጫጭን፣ በውኃው ግፊት የሚወዛወዙ።

«ኧረግ! ልጄ ለድንጋይ ይሰግዳል!»

ዞር ስል እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«እትዬ፣ እንስሳ እኮ ነው...»

«ቀን ድንጋይ፣ ሌሊት ጸጉር የሚያበቅል ምን ያለ እንስሳ ነው? ዞር በል!»

ከራስጌያቸው የጠበል ሃይላንዳቸውን አምጥተው ክዳኑን ከፈቱና በገንዳው አፍ፣ ልክ ድንጋዩ ላይ፣ ግማሹን ለቀቁበት። ደግነቱ ጉዳት የለውም፤ ከገንዳ የሚተነው ውኃው እንጂ ጨው ስላልሆነ ድሮም የጎደለውን የምሞላው ጨው በሌለው ውኃ ነው። ፖሊፕ ግን የነካው ነገር ጠበል ይሁን የቧንቧ ውኃ አይለይም። ደንግጦ ክንዱን ሁሉ ሰበሰበ።

«አየኸው? ወጣለት!»

ምን ብዬ ልከራከር? ጸጉሩ በርግጥ ጠፍቷል። ጭራሽ ሥጋው ሁሉ ሙጭጭ ሲል ግድግዳዎቹ ቁልጭ ብለው ታዩኝ። ቦይ የሚባል ነገር የለም። ፋቪቴስ! ስንት ፎቶ አጉልቼ ያላገኘሁትን እትዬ በግማሽ ሃይላንድ ገላገሉኝ። ደስታዬ ፊቴ ላይ ስለታየ «አንተንም ለቀቀህ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

በማግሥቱ ማታ ሲበላ ባሳያቸው ያምኑኛል ብዬ ቁራጭ ሽሪምፕ በወረንጦ አቀረብኩለት። ክንዶቹ ያዙት፤ ቀስ ብለው ወደ አፉ ጎተቱት። እትዬ ትንፋሻቸውን ውጠው ካዩ በኋላ፦

«ሥጋ ነው?»

«የባሕር ፍጥረት ነው፤ እንደ ዓሣ...»

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!»

እንስሳነቱን አምነው ለመቀበል የፈጀባቸው ይኸው ብቻ ነው። ሲሄዱ ረቡዕና ዓርብ እንዳላበላው አስማሉኝ። ማልኩ። ሥጋው ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ከብርሃን ምግብ እየሠሩ ስለሚያካፍሉት በሳምንት ሁለት ቀን ሽሪምፕ ቢቀርበት ግድ የለውም።

ሰሞኑን ደወሉ። ከሰላምታው በፊት፦

«ያ ድንጋይህ ጾሙን ያዘ?»

«ይዟል እትዬ።»

«እሰይ! ሁዳዴንስ?»